የጥርስ ላቦራቶሪ አቧራ፦ ተራ ማስክ ለምን አይበቃም?

ደሴም ኮምቦልቻም የጥርስ ክሊኒክ እየበዛ ነው፣ ክሊኒክ ሲበዛ ደግሞ ክራውን፣ ብሪጅና ዴንቸር፣ ማለትም የጥርስ ሽፋንና ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ የሚሰሩት ላቦራቶሪዎችም አብረው ይበዛሉ። እዛ ውስጥ የሚሰሩትን ልጆች ስለ ስራ ላይ ጤና ብትጠይቋቸው ስለ ሄፓታይተስ፣ ስለ መርፌ መወጋት፣ ስለ ደም ንክኪ ጥንቅቅ አርገው ይነግሯችኋል፣ ሲማሩ በደንብ የተነገራቸው እሱ ነው። ስለ አቧራው ስትጠይቁ ግን "ኧረ እሱ ጄሶ እኮ ነው፣ ደሞ ማስክ እናረጋለን" ይሏችኋል። እዚች መልስ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ አቧራው ጄሶ ብቻ አይደለም፣ ማስኩም ለአቧራ የተሰራ አይደለም። ይሄን የምጽፈው ለነሱ ነው፣ ለቀጣሪዎቻቸውም፣ ልጁ ወይ እህቱ እዚህ ሙያ ውስጥ ላለችበት ቤተሰብም።

አቧራው ከምን ከምን ይመጣል?

ከቀላሉ ልጀምር። ጄሶ፣ ሞዴል (የበሽተኛው ጥርስ ቅጂ) የሚሰራበት ዱቄት ማለት ነው፣ ካልሲየም ሰልፌት ነው። አይን ይቆረቁራል፣ አፍንጫ ያደርቃል፣ ያስነጥሳል፣ ግን ሳንባ ላይ ጠባሳ በመተው የሚታወቅ አይደለም። ስቶን የሚባለው ጠንካራ የጄሶ አይነት አንዳንዱ ውስጥ ሲሊካ ስለሚኖር ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን ማንበብ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ኢንቨስትመንት የሚባለው ዱቄት ነው። በሰም የተቀረጸው ጥርስ የሚቀበርበት ዱቄት ነው፣ ይጠጥራል፣ እቶን ይገባል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። ያን ሁሉ ሙቀት እንዲችል በአብዛኛው ከኳርትዝና ከክሪስቶባላይት ነው የሚሰራው፣ ሁለቱም ክሪስታል ሲሊካ የሚባለው ማዕድን አይነት ናቸው። ድንጋይ ፈላጭና ጉድጓድ ቆፋሪን በሳንባ በሽታ የሚጥለው ይሄው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ክሪስታል ሲሊካን እ.ኤ.አ. በ1997 ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ይሄ ዱቄት ሶስት ጊዜ ይነሳል፣ ከከረጢት ወደ መበጥበጫ ሲገለበጥ፣ ካስቲንጉ (ብረት ማፍሰሱ) አልቆ ሻጋታው በመዶሻ ሲሰበር፣ እና ብረቱ ሳንድብላስት ሲደረግ፣ ማለትም በአየር ግፊት አሸዋ ተረጭቶበት ሲጠራ።

ሳንድብላስቱ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "እኛ የምንጠቀመው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፣ ሲሊካ የለውም፣ ስለዚህ ችግር የለም" ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፣ የሲሊካ አሸዋ ትቶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ መጠቀም በጣም ጥሩ ነገር ነው። ግን ያ አሸዋ ከብረቱ ላይ የሚያራግፈው ምንድነው? ተጣብቆ የቀረውን ኢንቨስትመንት ነው። አሸዋው ንጹህ ቢሆንም ሳጥኑ ውስጥ የሚንቦለቦለው አቧራ ሲሊካ አለበት ማለት ነው። የሳጥኑ በር ጎማ ካለቀ ወይ እጅ ማስገቢያው ጓንት ከተቀደደ ያ አቧራ ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ ደግሞ ብዙ ሰው ስራው እንዳለቀ ወዲያው ነው በሩን የሚከፍተው፣ አቧራው ገና ሳይሳብ።

ቀጥሎ ብረቱ ነው። ርካሹና የተለመደው ኒኬል ክሮም ወይ ኮባልት ክሮም ነው፣ ሲሞረድና ፖሊሽ ሲደረግ የሚወጣው ብናኝ የነዚህ ነው። አንዳንድ የኒኬል ክሮም አይነቶች ውስጥ ደግሞ ብረቱ በደንብ እንዲፈስ ተብሎ እስከ 2 በመቶ ቤሪሊየም ይጨመር ነበር፣ አሁንም ከገበያ ጨርሶ አልጠፋም። ቤሪሊየም በጣም ትንሽ መጠኑ ሰውነት እንዲቆጣ አድርጎ የራሱ የሆነ ስር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ኢሶ 22674 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥርስ ብረቶች መስፈርት ከ0.02 በመቶ በላይ ቤሪሊየም እንዳይኖር ይከለክላል። ስለዚህ ብረት ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ቤሪሊየም እንደሌለው የተጻፈበትን ግዙ፣ ምን እንዳለው ጭራሽ ያልተጻፈበትን ብረት ደግሞ በዋጋው ርካሽነት አትፈተኑ።

አክሬሊክ፣ ዴንቸር የሚሰራበት ፕላስቲክ ማለት ነው፣ ሲሞረድ ብናኙም አለ፣ ፈሳሹ ሲበጠበጥ የሚሸተው ትነትም አለ፣ እሱ አስምና የእጅ ቆዳ መቆጣት ያመጣል። ፖርሰሊንና ዚርኮኒያ የሚባሉት የጥርስ ሴራሚኮች በደረቁ ሲሞረዱም ደቃቅ ብናኝ ይወጣቸዋል።

ክሊኒክ ውስጥ ያሉትስ ሀኪሞችና ረዳቶች?

አቧራው የላቦራቶሪው ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። የበሽተኛው ጥርስ ልክ የሚወሰድበት አልጂኔት ውስጥ ከሚገባው ዱቄት ብዙው ዲያቶማይት የሚባል ሲሊካ ያለው ነገር ነው፣ ቆርቆሮው ተነቅንቆ ወዲያው ሲከፈት ፊት ላይ ነው ቡን የሚለው። አቧራ የማያነሳ አልጂኔት አለ፣ እሱ ካልተገኘም ከነቀነቁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መክፈት ነው። ክራውን አልገጥም ብሎ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ በደረቁ መሞረድም ያው የላቦራቶሪውን አቧራ ክሊኒክ ማምጣት ነው። አሮጌ አማልጋም፣ የጥርስ ብረታማ ሙሊት ማለት ነው፣ ሲነቀል ደግሞ ሜርኩሪ አለ፣ ያለ ውሃና ያለ ጠንካራ ሰክሽን (መሳቢያ) ፈጽሞ መሰርሰር የለበትም።

ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምን ያረጋል?

በመስኮት በገባው ጸሀይ ሲንሳፈፍ የምናየው አቧራ ትልቁ ነው፣ እሱን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ እናስነጥሰዋለን፣ በአክታ ይወጣል። ጎጂው አይን የማያየው ነው። ከ10 ማይክሮን በታች ያለው (1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከጉሮሮ አልፎ ይወርዳል፣ ከ4 እና 5 ማይክሮን በታች ያለው ደግሞ አየር ወደ ደም እስከሚያልፍባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ይሄ ደቃቁ ደግሞ ቶሎ አያርፍም፣ ሞራጁ ስራውን ጨርሶ ማስኩን አውልቆ ቡናውን እየጠጣ እያለ እሱ ገና አየር ላይ ነው።

እዛ ታች የገባን ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ህዋሶች አሉን። ባክቴሪያ ከሆነ ውጠው ይፈጩታል፣ ሲሊካ ግን አይፈጭም። ህዋሱ ራሱ ይሞታል፣ ሲሞት ውስጡ ያለውን ይረጫል፣ አካባቢው ይቆጣል፣ ሲሊካው እንደገና ነጻ ይወጣል፣ ሌላ ህዋስ ይመጣና ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። ይሄ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም የሚቀረው ጠባሳ ነው፣ ጠባሳ የሆነ ሳንባ ደግሞ አይለጠጥም፣ አየር አያሳልፍም። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ጠባሳውን የሚመልስ መድሀኒት የለም፣ ስራውን ከተዉ በኋላ እንኳን ሲሊካው እዛው ስለሚቀር ሊቀጥል ይችላል።

ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል፣ መጋለጡ ከባድ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው፣ እጅግ ሲበዛ ደግሞ ከዛም ባጠረ ጊዜ ይመጣል። አታላይ የሚያረገው ይሄ ነው፣ በ25 ዓመቱ ስራ የጀመረ ልጅ ለረጅም ጊዜ "እኔ ምንም አልሆንኩም" ማለት ይችላል፣ እውነቱንም ነው፣ ሳንባው ግን እየሞላ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ይመጣል፣ ከዛ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ዳገት ስለማይጠፋ ሰዉ ከፍታውና ብርዱ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስንት ነው ብዙ የሚባለው?

የአሜሪካ የስራ ደህንነት መስሪያ ቤት ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ገደብ በ8 ሰዓት ስራ አማካይ በ1 ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 50 ማይክሮግራም ክሪስታል ሲሊካ ነው። በቁጥር ሲባል አይታይም አይደል? አንድ 4 በ4 የሆነ፣ ጣሪያው 3 ሜትር የሆነ ክፍል አስቡ፣ 48 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 50 በ48 ሲባዛ 2400 ማይክሮግራም፣ 2.4 ሚሊግራም ማለት ነው። በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ወጥ ላይ የምትጨምሩትን ጨው መቶ ቦታ ብትከፍሉት አንዷ ክፋይ ያህል ብትሆን ነው። እሷ ክፍሉ ሙሉ አየር ላይ ከተንሳፈፈች ገደቡ ሞላ። አንድ ሻጋታ በደረቁ በመዶሻ ስትሰብሩ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረውን ዱቄት አይታችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

እውነት በዚህ የታመመ አለ?

አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዘገባ ከ1994 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት በ5 ግዛቶች 9 የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖች ሲሊኮሲስ እንደያዛቸው መዝግቧል። በ2018 ደግሞ ሌላ ዘገባ ወጣ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል መንስኤው ባልታወቀ የሳንባ ጠባሳ በሽታ ከታከሙ 894 ሰዎች 9ኙ የጥርስ ባለሙያዎች ሆነው ተገኙ፣ 8 ሀኪም 1 ቴክኒሺያን፣ ከነሱም 7ቱ ሞተዋል። ይሄ ሁለተኛው ዘገባ አቧራው ነው የገደላቸው ብሎ አልደመደመም፣ ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ስለሆነ ይመርመር ነው ያለው፣ ከዛ በላይ ማለት ልክ አይሆንም። የመጀመሪያው ግን የሚያከራክር አይደለም።

ማስክ እያረግን አይደል እንዴ?

በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው የህክምና ማስክ የተሰራው ከአፋችን የሚወጣው እርጥበት በሽተኛው ላይ እንዳይደርስ፣ ደምና ምራቅም ፊታችን ላይ እንዳይረጭ ነው። ጎኑ ክፍት ነው። አየር ስንስብ ደግሞ በጨርቁ ውስጥ ታግሎ ከሚገባ ይልቅ በጉንጭ በኩል ባለው ቀዳዳ መግባቱ ይቀለዋል፣ አቧራውም አብሮት ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሞርዳችሁ ማታ ማስኩን ስታወልቁ አፍንጫችሁ ዙሪያ ነጭ ካያችሁ ምስክሩ እሱ ነው።

ለአቧራ የተሰራው ኤን95 ነው፣ ወይ በአውሮፓ አሰያየም ኤፍኤፍፒ2 እና ኤፍኤፍፒ3። ኤን95 0.3 ማይክሮን አካባቢ ካሉ ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል፣ ግን ፊት ላይ ከገጠመ ብቻ። ትክክለኛው ኤን95 ላስቲኩ ጆሮ ላይ ሳይሆን ጭንቅላት ዞሮ ነው የሚታሰረው፣ ላዩ ላይም ኒዮሽ (NIOSH፣ የአሜሪካ የስራ ደህንነት ምርምር ተቋም) የሚል ጽሁፍና የፈቃድ ቁጥር አለው። ስታደርጉት በሁለት እጃችሁ ሸፍናችሁ በሀይል ተንፍሱ፣ አየር ወደ አይናችሁ ከወጣ አልገጠመም። ሌላው ምርጫ እየታጠበ ደጋግሞ የሚሰራው የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ ነው፣ ማጣሪያው ብቻ ይቀየራል፣ መግዣው ቢወደድም ዓመቱን ሲያስሉት ብዙ ጊዜ ይሻላል። የአክሬሊክ ፈሳሽ ትነትን ግን ኤን95 አያስቆምም፣ ለሱ የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ ወይ ጥሩ አየር ማውጫ ነው የሚያስፈልገው።

ፂም ያለው ወንድም ላይ ኤን95 አይገጥምም፣ ይሄን በግልጽ መናገር አለብን። እዚህ አገር ብዙ ሰው ፂሙን የሚያሳድገው በእምነቱ ነው፣ ይላጭ ማለት መፍትሄ አይደለም። ራስን ሙሉ የሚሸፍንና በትንሽ ሞተር የተጣራ አየር የሚያስገባ ኮፍያ አለ፣ ውድ ነው። እሱ ካልተገኘ አቧራውን ከምንጩ መያዝ ለሱ ከሌላው ሰው ይበልጥ ግዴታ ይሆናል፣ ሻጋታ መስበርና ሳንድብላስት የመሳሰሉትን አቧራማ ስራዎችም ማስኩ ለሚገጥመው ባልደረባ መስጠት ይቻላል።

ታዲያ ከየት ይጀመር?

በኔ እምነት ዋናው ገንዘብ መዋል ያለበት ማስክ ላይ አይደለም፣ መሳቢያው ላይ ነው፣ ማለትም አቧራው ከሚነሳበት ቦታ ላይ ወዲያው ስቦ የሚወስድ ሰክሽን። ማስክ አንድን ሰው ነው የሚጠብቀው፣ እሱም በደንብ ካረገው፣ መሳቢያ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሻይ ይዛ የምትገባውን ልጅ ጭምር ይጠብቃል።

መሳቢያ ሲገጠም ትልቁ ስህተት ርቀት ነው። የመሳብ ጉልበት ከአፉ ራቅ ሲሉ በጣም ቶሎ ይወድቃል፣ የቱቦው አፍ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው ከአፉ 10 ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ ያለው የአየር ፍጥነት አፉ ላይ ካለው አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ወይ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ማራገቢያ መሳቢያ አይባልም፣ የቱቦው አፍ የሚሞርደው እጅ ስር መሆን አለበት። መስታወት ያለው፣ ሁለት እጅ ማስገቢያ ያለውና ከኋላው ቱቦ የሚገጠምለት ሳጥን ደግሞ የበለጠ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮና አሉሚኒየም የሚሰራ ባለሙያ ሞልቷል፣ ስዕሉን ከሰጣችሁት ይሰራላችኋል። ከኋላ የሚገጠመው ግን የቤት ቫክዩም እንዳይሆን፣ ተራ ቫክዩም ትልቁን ይዞ ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይረጨዋል። ሄፓ ፊልተር ያለው ይሁን፣ 0.3 ማይክሮን የሆነውን 99.97 በመቶ ያስቀራል። አየሩን ወደ ውጭ የምታወጡም ከሆነ ወደ ጎረቤት መስኮት ወይ በሽተኛ ወደሚቀመጥበት ኮሪደር አይሁን።

ይስባል ወይስ ድምጽ ብቻ ነው የሚለውን ለማወቅ መሳሪያ መግዛት አያስፈልግም። እጣን አጭሱና ሞራጁ እጁን የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ያዙት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ቱቦው ከገባ ጥሩ ነው፣ ተንገዋሎ ወደ ፊታችሁ ከመጣ አቧራውም እንደዛው እያረገ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ቬንቲሌተር ይሄንን መሳብ ያበላሸዋል፣ ጭሱን ስታዩት ይገባችኋል፣ እየሞረዳችሁ አጥፉት ወይ ፊቱን አዙሩት። ደሴ ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፣ በብርዱ ሁሉም መስኮት ይዘጋና አቧራው ክፍሉ ውስጥ ሲዞር ይውላል፣ ስለዚህ ደሴ ላይ መሳቢያው ይበልጥ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የምትሰሩም ጄኔሬተሩ የመሞረጃውን ሞተር ብቻ ሳይሆን መሳቢያውንም መቻል አለበት፣ ካልቻለ የዛን ቀን ሞረዳውን ትታችሁ ሰም ስሩ።

ሁለተኛው ውሃ ነው፣ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ሻጋታው ከቀዘቀዘ በኋላ ከመስበሩ በፊት ባልዲ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፣ እርጥብ ኢንቨስትመንት አይቦንም። ዱቄት ስትገለብጡ ከረጢቱን በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትቅደዱት፣ ወደ ውሃው ዝቅ አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ክሊኒክ ውስጥም ውሃ የሚረጭ መሰርሰሪያ (ሃንድፒስ) እና ሰፊ አፍ ያለው ጠንካራ ሰክሽን ጥርሱ አጠገብ ሲያዝ ከአፍ የሚወጣውን ብናኝ አብዛኛውን ይወስደዋል፣ ቀጭኗ የምራቅ መሳቢያ ግን ለዚህ አትሆንም።

ጽዳቱስ? በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ያረፈውን አቧራ እንደገና ማስነሳት ነው። ከሱ የባሰው ግን ማታ ስራ ሲያልቅ በኮምፕሬሰር አየር ጠረጴዛውንና ጋዋንን ፉፉ ማረግ ነው፣ ይሄን ልማድ ዛሬውኑ ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል፣ ያረፈው አቧራ ሁሉ ባንዴ ተመልሶ አየር ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ጋዋኑ ቤት አይሂድ፣ የሚሄድ ከሆነም በፌስታል ታስሮ ይሂድና ከልጆች ልብስ ጋር ሳይቀላቀል ይታጠብ። ቁርስና ቡናም ከመሞረጃው ክፍል ውጭ ይሁን።

ባለቤቱ ግዴታ አለበት?

አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የስራ ቦታው ጤና እንዳይጎዳ እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋው ሰራተኛውን እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል፣ ሰራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀም። በስራ ምክንያት የመጣ በሽታም በህጉ እንደ ስራ ላይ ጉዳት ነው የሚታየው። በ2014ቱ ጦርነት እዚህ አካባቢ ብዙ የጤና ተቋም እቃውን አጥቶ እንደገና ነው የጀመረው፣ ሁሉንም ባንዴ ግዙ ማለት ይከብዳል። ግን ባልዲው፣ እርጥብ ጨርቁና ኮምፕሬሰሩን መተው ነገ የሚጀመሩ ናቸው፣ ቀጥሎ ትክክለኛ ማስክ፣ ከዛ መሳቢያ ብሎ በቅደም ተከተል ገንዘብ ማጠራቀም ይቻላል። መሳቢያው እስኪመጣ ማስኩ ይሸፍናል፣ መሳቢያውን ግን እንዳያስረሳችሁ።

ሀኪም ጋር ስሄድ ምን ልበል?

ስራችሁን ተናገሩ። "የጥርስ ቴክኒሺያን ነኝ" ማለት ብቻ አይበቃም፣ ብዙ ሀኪም ጥርስ የሚነቅል ሰው ነው የሚመስለው፣ "ሲሊካ ያለው ዱቄት እሰብራለሁ፣ ብረት እሞርዳለሁ፣ ሳንድብላስት አረጋለሁ፣ ይሄን ያህል ዓመት ሰርቻለሁ" በሉት። ይሄ የሚጠቅመው እኛ አገር ሳል፣ ክብደት መቀነስና ኤክስሬይ ላይ ጥላ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ስለሆነ ነው። ሲሊኮሲስ በኤክስሬይ ቲቢ ሊመስል ይችላል፣ ቲቢ ያልሆነ ሰው የቲቢ መድሀኒት ወስዶ ሳይሻለው ወደዛው አቧራ ሊመለስ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፣ ሲሊካ የሚገድላቸው እነዛ ህዋሶች ቲቢን የሚዋጉት ራሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ እድሉ ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሲሊካ የተጋለጡ ሰራተኞች በየጊዜው ለቲቢ እንዲመረመሩ ይመክራል። ስለዚህ የአክታ ምርመራውም ይሰራ፣ የስራ ታሪኩም ይጻፍ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ገና ምንም ሳያማችሁ አንድ የደረት ኤክስሬይና የትንፋሽ አቅም መለኪያ፣ ስፓይሮሜትሪ፣ ተነስታችሁ ውጤቱን አስቀምጡ፣ ከዓመታት በኋላ የሚነሳው የሚወዳደረው ከሱ ጋር ነው። ስትሄዱም የምትጠቀሙበትን የኢንቨስትመንቱን፣ የብረቱንና የአልጂኔቱን ማሸጊያ ውስጡ ምን እንዳለ የተጻፈበትን ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሀኪሙ አሳዩት።